የአዲስ ጐጆ ኑሮና በዓል

ሠርግ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ትዳር ግን የዕድሜ ሥራ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ ነገር ግን እንዳወቀው የሚሠራበት ጥቂት ነው። ለአንዱ ቀን ሥራ ብዙ ወራት ሲመከር፣ ድንኳን ሲታዘዝ፣ ጠጅ ሲጣል፣ ዘመድ ከሩቅ አገር ሲጠራ ይታያል። ለዕድሜው ሥራ ግን አንድ ማታ እንኳ ቁጭ ብሎ የሚመክር ሙሽራ እምብዛም አይገኝም። አንዳንድ አዲስ ጐጆ የሚናወጠው በባልና በሚስት መካከል ፍቅር ጠፍቶ አይደለም። ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ያለው ተራ ቀን እንዴት እንደሚኖር፣ እየተከታተለ የሚመጣውም በዓል በምን ልክ እንደሚከበር አስቀድሞ ስላልተመከረበት ነው።

በኢትዮጵያ ሠርግ የሚበዛበት ወር ከጥንት ጀምሮ ጥር ነው። ምክንያቱም ግልጥ ነው። በዚያ ወር የመኸሩ እህል ታጭዶና ተወቅቶ ጐተራ ገብቷል፤ የነቢያት ጾም በልደት በዓል ተፈትቷል፤ ዐቢይ ጾምም ገና አልገባም። ዐቢይ ጾም ፈጥኖ ቢገባ የካቲት 1 ቀን፣ ዘግይቶ ቢገባ መጋቢት 5 ቀን ነው። እንግዲህ በጥር የተጋቡ ባልና ሚስት በመልሱና በቅልቅሉ ግብዣ የሚሰነብቱት ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። በዚህም መካከል የነነዌ ጾም 3 ቀን ይጾማል፤ ከዚያም በኋላ የ55ቱ ቀን ጾም ይገባል። ከጮማና ከጠጅ የተነሡት ሙሽሮች ሳይቈዩ ከሽሮና ከክክ ፊት ይቀመጣሉ።

ይህ ነገር ለሙሽሮች እንደ ቅጣት ሊመስል ይችላል፤ ለአስተዋይ ሰው ግን ትልቅ ትምህርት አለበት። ምእመናን ረቡዕንና ዓርብን ጨምሮ የሚጾሙት ቀን ሲቈጠር ከዓመቱ ግማሽ የሚያህል ነው። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን የቀን መቍጠሪያ ለነፍስ ከሚሰጠው ጥቅም በቀር ለቤት አስተዳደርም ትክክለኛ መዝገብ ሆኖ ይገኛል። ቅቤውና ሥጋው የሚወጣበት ቀን አለ፤ የሚታቀብበትም ቀን አለ። በዓል የሚጣፍጠው ከጾም በኋላ ስለሚመጣ ነው። በእስልምና ሃይማኖት የሚኖሩ ባለትዳሮችም የረመዳንን ወር አብረው ጾመው ዒድን በአንድ ገበታ ሲያከብሩ ይህንኑ ያውቁታል። መታቀብን የማያውቅ ቤት የበዓልን ደስታ ሊያውቅ አይችልም፤ ሁልጊዜ ድግስ የሆነበት ቤት ውሎ አድሮ ሁልጊዜ ዕዳ ይሆንበታል።

በመጀመሪያ ግን ስለ ተራው ቀን መናገር ይገባል፤ የባልና የሚስት ኑሮ የሚበዛው በተራው ቀን ነውና። እንጀራ በመሶብ ሆኖ ሲቀርብ ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን ዱቄቱ ከወፍጮ ቤት መምጣት፣ ሊጡ በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን መቈየት፣ አብሲት ተጥሎ ኩፍ እስኪል መጠበቅ፣ ምጣዱም መሟሸትና መሰሰት አለበት። በእናትዋ ምጣድ እንጀራው ዓይን በዓይን ሆኖ ይወጣላት የነበረችው ሙሽራ በአዲሱ ምጣድ የመጀመሪያው እንጀራ ሲያርባት አዝና ትውላለች። ባልም የእናቱን ቤት ወጥ ለምዶ ስለ ነበረ በአዲሱ ቤት የጨውና የበርበሬው ልክ ቢለወጥበት ፊቱን ያጠቍራል። ይህ ሁሉ ጥቃቅን ነገር ነው፤ ነገር ግን ጐጆ የሚሠራውም የሚፈርሰውም በጥቃቅን ነገር ነው።

በቀድሞው ዘመን የባልና የሚስት ሥራ በግልጥ ተለይቶ የታወቀ ነበር፤ እርሱ በእርሻው ወይም በጌታው ደጅ፣ እርስዋ በማጀት ይውሉ ነበር። ዛሬ በከተማ በሚኖሩ በብዙ ወጣት ባለትዳሮች ዘንድ ሁለቱም ጧት ከቤት ወጥተው ሁለቱም ማታ ደክመው ይመለሳሉ። ሁለቱ እኩል ደክመው ከገቡ በኋላ አንዱ ተቀምጦ ራት የሚጠብቅ፣ አንዷ ቆማ ራት የምታሰናዳ ከሆነ ግን ሚዛኑ ያጋደለ ነው። ወፍጮ ቤት መሄድ፣ ውኃ መቅዳት፣ ሽንኵርት መላጥ የወንድን ክብር አይቀንስም። ክብርን የሚቀንስስ በደመወዝዋ የሚካፈላትን ሚስት በድካምዋ አለመካፈል ነው።

የተራውም ቀን የራሱ በዓል አለው። ማታ በአንድ መሶብ ቀርቦ መጕረስና ማጕረስ፣ በሰንበት ቀን ቡና አፍልቶ ከአቦል እስከ በረካ ሳይቸኵሉ መቀመጥ ገንዘብ ብዙ የማይጠይቅ ደስታ ነው። አቦሉ የሳምንቱን ወሬ ለመነጋገር፣ ቶናው ገቢንና ወጪን ለመተሳሰብ፣ በረካው ለሚመጣው ሳምንት ለመምከር ቢሆን፣ በአንድ ረከቦት ዙሪያ የሚደረገው ሸንጎ ከብዙ ሽማግሌ ያድናል።

ነገሩ ይበልጥ እንዲገለጥ በአዲስ አበባ ከተማ የሚኖሩ ሁለት ወጣቶች ለምሳሌ ይታሰቡ። ባል በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ሚስት በአንድ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። በጥር ወር በዘመድ ፊት ተጋብተው በኪራይ ቤት ጐጆ ወጡ። የሠርጉ ወጪ ከአሰቡት በላይ ስለ ሆነ ጥቂት ዕዳ ተርፎባቸዋል። ዐቢይ ጾም ገባ፤ አብረው ጾሙ፤ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለሱ እርስዋ ወጡን ስትሠራ እርሱ ቤቱን እየጠረገና ውኃውን እየቀዳ በሰላም ኖሩ።

ሆሣዕና ሲቃረብ ግን ባልየው በመሥሪያ ቤቱ የበዓል ወሬ ይሰማ ጀመር። አንዱ ባልንጀራው ለአማቶቹ ሙክት እንደሚነዳ፣ ሁለተኛው ለሚስቱ አዲስ የሐበሻ ቀሚስ እንዳዘዘ፣ ሦስተኛው ለአንድ መንደር የሚበቃ ድግስ እንዳሰናዳ ነገሩት። ይህ የመጀመሪያው ፋሲካቸው ነበርና፣ ባዶ እጄን አማቶቼ ቤት ብገባ ምን እባላለሁ ሲል አሰበ። ለሚስቱም ሳይነግር ከአንድ አበዳሪ ዘንድ ሄዶ በወለድ ገንዘብ ተበደረ፤ ውሉንም በልብሱ ኪስ ሸሸገው። ሚስቱ ልብሱን ልታጥብ ስትል ወረቀቱን አገኘችው።

እርስዋም ማታ ሲገባ ወረቀቱን ከፊቱ አኑራ፣ «ይህ ገንዘብ ለምን ተወሰደ?» አለችው።

«ሰው ምን ይለናል ብዬ ነው» ሲል መለሰላት።

«ሰው ምን ይላል ብለን የተበደርነውን፣ ሰው ይከፍልልናል ወይ?» አለችው።

ባል ተቈጣ፤ ላንቺ ወላጆች ክብር ብዬ በሠራሁት እንዲህ ልትናገሪኝ ይገባሻልን አለ። ሚስትም ከዚያ በኋላ ቃል አልመለሰችም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ዝም አለች። ወጥ ትሠራለች፤ መሶቡን ታቀርባለች፤ ነገር ግን ከመሶቡ አትቀርብም። ከሙክቱ በፊት ጠብ ወደ ቤታቸው ገባ ማለት ነው።

ከባል ሚዜዎች አንዱ ጕዳዩን ሰማ። ሚዜ የሠርግ ቀን አጃቢ ብቻ አይደለም፤ በሀገሩ ልማድ ለሙሽሪት እንደ ወንድም ሆኖ በክፉ ቀን የሚደርስ ነው። እርሱም ለንስሐ አባታቸው አስታወቀ፤ መነኵሴውም በሰሙነ ሕማማት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወደ ቤታቸው ጎራ አሉ። የሁለቱንም ቃል ከሰሙ በኋላ ባልየውን፣ «ልጄ፣ ሃምሳ አምስቱን ቀን ከእርስዋ ጋር ጾመህ ሳለ በዓሉን ለብቻህ ትመክራለህን?» አሉት። ባል አፈረ፤ መልስም አጣ። ወደ ሚስትም ዘወር ብለው፣ «አንቺም ልጄ፣ ከክፉ ቃል መጾም መልካም ነው፤ ከመነጋገር መጾም ግን ቤት ያፈርሳል» አሏት። እርስዋም አለቀሰች።

«አባታችን፣ እንግዲህ ምን እናድርግ?» ብለው ሁለቱም ጠየቁ።

መነኵሴው ያዘዙት ነገር ከባድ አልነበረም። ገንዘቡ ገና አልተነካምና ሳያድር ይመለስ፤ ከእንግዲህ ወዲያ ሁለታችሁ ሳታውቁት ከዚህ ቤት ገንዘብ አይውጣ፤ ወደዚህም ቤት ብድር አይግባ፤ ለወላጆቻችሁም በእጃችሁ የሠራችሁትን ይዛችሁ ሂዱ አሏቸው። እነርሱም እንደ ታዘዙት አደረጉ። ገንዘቡ ለባለቤቱ ተመለሰ። ከጐረቤቶቻቸው ጋር ገንዘብ አዋጥተው በቅርጫ ገቡ፤ በሬው ታርዶ በመደብ በመደብ ተከፍሎ ዕጣ ሲወጣ የድርሻቸውን አገኙ። አንዲት ዶሮም ገዙ፤ ባል ሽንኵርቱን ሲልጥ እያነባ፣ ሚስትም ዶሮይቱን በዐሥራ ሁለት ብልት አውጥታ እየሣቀችበት ወጡን አብረው ሠሩት። ሌሊት ከቅዳሴ ተመልሰው ጾሙን በአንድ መሶብ ፈቱ።

በማግሥቱ ሚስት በኮባ የጋገረችውን ድፎ ዳቦና ጥቂት ማር ይዘው መጀመሪያ ወደ ሚስት፣ ቀጥሎም ወደ ባል ወላጆች ቤት ሄዱ። የሚስት አባት ዳቦውን ባርከው ከቈረሱ በኋላ፣ ልጃቸው በቤትዋ ደህና መሆንዋን ከፊትዋ አይተው ደስ አላቸው። ስለ ሙክት የጠየቀ ሰው አልነበረም። ባል ሳምንቱን ሁሉ የፈራው ነገር በራሱ ልብ እንጂ በአማቶቹ ልብ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ተረዳ። አማት የሚመኘው የአማቹን በግ ሳይሆን የልጁን ሰላም ነው።

ይህ ምሳሌ የሚያስተምረው ይሉኝታ ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም። ይሉኝታ ሰውን ከነውር ይጠብቀዋል። ነገር ግን ይሉኝታ ከአቅም በላይ ሲሆን ሰውን ወደ ባሰ ነውር ይጥለዋል፤ ለአንድ ቀን ክብር ተብሎ የተበደሩት ገንዘብ የዓመት ውርደት ሊያመጣ ይችላልና።

የመነኵሴው ምክር ከሀገሪቱ ሕግ ጋር የተስማማ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አለቃ አድርጎ ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል ይል ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ግን ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለት አዋጅ ቍጥር 213/1992፣ ይህንኑ ተከትሎ የቤተሰብን አስተዳደር ለሁለቱም በእኩል ሰጠ፤ የጋብቻንም ዕድሜ ቀድሞ ለሴት 15 የነበረውን ከፍ አድርጎ ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገ። ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን፣ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን አላቸው።

በዚሁ አዋጅ በአንቀጽ 68 እንደ ተጻፈው፣ የጋራ የሆነውን ቤት ለመሸጥ፣ ለማከራየት ወይም በመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ከ500 ብር በላይ የሆነ የብድር ውል ለመዋዋልም እንዲሁ ነው፤ ከ100 ብር በላይ ከጋራ ሀብት በስጦታ ለመስጠት ወይም ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆንም የሁለቱ ፈቃድ ይፈለጋል። አምስት መቶ ብር ዛሬ ትንሽ ገንዘብ ስለ ሆነ፣ አንድ ባለትዳር ለበዓል የሚበደረው ገንዘብ ሁሉ ከዚህ ልክ ያልፋል ማለት ይቻላል። እንግዲህ ከሚስት ተሸሽጎ ወይም ከባል ተሸሽጎ የሚደረግ ብድር በፍቅር ዘንድ ብቻ ሳይሆን በሕግም ዘንድ ጕድለት አለበት።

ከብድር ይልቅ የአገሩ ሰው ራሱ ያቋቋመው የተሻለ መንገድ አለ። በዕቁብ ማኅበርተኞች በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል ገንዘብ እየጣሉ በየተራቸው ጠቅላላውን ይወስዳሉ፤ ወለድ የለበትም፤ የሚያስገድደውም የባልንጀራ እምነት ነው። በዕድር የተመዘገበ አዲስ ቤት ኀዘን ቢደርስበት ብቻውን አይቀርም። ቅርጫ ለአንድ ቤት የማይቻለውን በሬ ለብዙ ቤት የሚቻል ያደርገዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ለብቻ ሲያከብሩት የሚከብድ በዓል ከጐረቤት ጋር ሲሆን ይቀልላል። አዲስ ተጋቢዎች ጐጆ በወጡበት ወር ለነዚህ ማኅበራት ስማቸውን ቢሰጡ፣ ከውድ የቤት ዕቃ ይልቅ የሚጠቅማቸውን ነገር ገዙ ማለት ነው።

ወጣት ባልና ሚስት የመጀመሪያውን ዓመታቸውን ሲዞሩ ሌላም ያላሰቡት ነገር ያገኛሉ። እስከ ትላንት በበዓል ቀን ተቀባዮች ነበሩ፤ አሁን ሰጪዎች ሆነዋል። በነሐሴ 13 ቀን የቡሔ ልጆች ጅራፋቸውን እያጮኹ በደጃቸው ሲጨፍሩ፣ ከጥቂት ዓመት በፊት ከልጆቹ መካከል የነበረው ወጣት ዛሬ ሙልሙል ይዞ የሚወጣው አባወራ ነው። በመስከረም 1 ቀን ልጃገረዶች ዐደይ አበባ ይዘው ሲመጡ፣ ቀድሞ አበባ ትሰጥ የነበረችው ልጅ ዛሬ እመቤት ሆና ተቀብላ ትሸልማለች። በመስከረም 16 ቀን ማታ ለደመራ ችቦ የሚያበራው ባል በአባቱ ደጅ ሳይሆን በራሱ ደጅ ቆሞ ነው። ሰው አባወራና እማወራ የሚሆነው በሠርጉ ቀን በተጻፈው ወረቀት ብቻ አይደለም፤ የሌላ ሰው ልጅ ከደጁ ቆሞ ሲጠራው ወጥቶ በመስጠቱ ጭምር ነው። ለዚህም ስጦታ የሚያስፈልገው አንድ ሙልሙልና አንድ መልካም ፊት ነው።

ዓመቱ ዞሮ ጥር ሲመጣም የጋብቻቸውን ቀን ማሰብ መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ሁለተኛ ሠርግ ሊሆን አይገባውም። ሚዜዎቻቸውንና ያስታረቋቸውን ሰዎች በአንድ መሶብ ሰብስበው ቢያበሉ ይበቃል። ከዚያም በላይ ደስ የሚያሰኝ ድግስ ቢፈልጉ፣ ዓመቱን ሙሉ ገቢያቸውንና ወጪያቸውን የጻፉበትን ደብተር ገልጠው ያለ ዕዳ መዋላቸውን በአንድነት ይመልከቱ።

በዚህ ነገር የሚረዷቸው ሰዎችም ድርሻ አለባቸው። ካህናት ለጋብቻ የሚመጡትን ወጣቶች ስለ ቍርባን ክብር ሲያስተምሯቸው፣ የፍትሐ ነገሥት መጽሐፍ ራሱ በ24ኛው አንቀጽ ስለ ጋብቻ ብዙ እንደ ደነገገ አስበው፣ ስለ ቤት አስተዳደርም ቢመክሯቸው የንስሐ ልጆቻቸውን ከጠብ ያድናሉ። የመሥሪያ ቤት አለቆች በየበዓሉ ከሠራተኛው አቅም በላይ የሆነውን መዋጮ ቢያስቀሩ፣ ራሳቸውም በልክ አክብረው ቢያሳዩ የበታቾቻቸው ይሉኝታ ይቀልላል፤ ታናሽ የሚመለከተው ታላቁን ነውና። ወላጆችም ልጆቻቸው በመጀመሪያው በዓል ባዶ እጃቸውን ቢመጡ እንኳ በደስታ ቢቀበሏቸው፣ አራጣ አበዳሪ ከሚያገኘው ትርፍ ብዙውን ያስቀሩበታል።

ጐጆ የወጡ ወጣቶች ሁሉ ይህን ይወቁት፦ ዘመድ የሚያስታውሰው የድንኳናቸውን ስፋት ለአንድ ወር ነው፤ እነርሱ ግን በመሶባቸው ዙሪያ የሚነጋገሩትን ቃል ዕድሜያቸውን ሙሉ ይኖሩበታል። ሳምንቱን ተማክረው የሚኖሩ ባልና ሚስት በዓሉ ሲመጣ አይደነግጡም፤ በዓሉም ሲያልፍ አይጸጸቱም።